ምራቁን የዋጠ ሰው

ፖስታው የታሸገበት ጠርዝ ላይ ሊፕስቲክ አየሁ።

መጀመሪያ የክር ቁራጭ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ስሰፋ የዋልኩት ቀይ ገበር ስለሆነ ጠረጴዛው፣ ወለሉ፣ ጉልበቴ ሁሉ ቀይ ክር ለብሷል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ጣቴ ላይ ቀለም ቀረ። ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ሙጫው በተላሰበት በኩል፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ የሴት ከንፈር አልፎበታል።

«ምን አገኘሽ?» አለችኝ ካውያ። ካውያ አብራኝ የምትሠራ ልብስ ተኳሽ ናት። ከካውያው ጋር ብዙ ዓመት ስለኖረች ስሙን ወርሳለች፤ ጸባዩንም ጭምር።

«ምንም።»

«ምንም ያገኘ ሰው እንዲህ አይገረጣም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ፖስታ እንዴት እንደታሸገ ልብ አይልም። እኔ ግን የፉጨትን ፖስታ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ፉጨት ማሸግ አይችልበትም። ክዳኑን መሐል ላይ አንዴ ላስ ያደርግና በመዳፉ ይጫነዋል፤ ሁለቱ ጫፎች ክፍት ይቀራሉ። እኔም የመቀሴን ጫፍ በዚያ ክፍተት አስገብቼ እከፍተዋለሁ። ስስቅበት «ሆን ብዬ ነው፤ ባለመቀሷ እንዳትቸገር» ይለኝ ነበር። ይህኛው ግን ከዳር እስከ ዳር ግጥም ብሎ ታሽጓል። ያሸገችው ሴት ሥራዋን ታውቃለች።

ፉጨት ከእኛ ልብስ ስፌት ቤት ትይዩ ያለው የትልቁ ጨርቅ መደብር ልጅ ነው። ጨርቅ ሲለካ ያፏጫል፣ ሲቆርጥ ያፏጫል፣ መንገድ ሲሻገር ያፏጫል፤ የወጣለትን ስም ከእናቱ በቀር የሚጠራው የለም። በእኛ በር ሲያልፍ ሁለቴ ያፏጫል፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጎ። እኔ ደግሞ ከሥራዬ ቀና ሳልል መቀሴን ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ። ለሁለት ዓመት ሰላምታችን ይኸው ነበር። ሰላምታ ብቻ አለመሆኑን ግን መንገዱ ሁሉ ያውቃል።

እናቱም ያውቃሉ። እትዬ መደብሩን ሃያ ዓመት ብቻቸውን ቀጥ አድርገው የያዙ፣ ጠዋት በር ሲከፍቱ እንኳ ለሰርግ እንደተጠራ ሰው ተውበው የሚወጡ ሴት ናቸው። «ያቺ ልጅ ከመደብሬ ጨርቅ ትግዛ፤ ልጅ ግን አልሸጥላትም» ማለታቸውን ያልነገረኝ ሰው የለም። በእኔ በኩል ደግሞ ያሳደጉኝ አጎቴ አሉ፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። ፉጨት ደፍሮ ቤታችን የመጣ ቀን «ሲያፏጭ የሚውል ባል ምን ይረባሻል?» አሉኝ እሱ እየሰማ። «እኔ የምፈልገው ምራቁን የዋጠ ሰው ነው። ምራቁን ይዋጥና ይምጣ።» ይሄ ቀልደኛ ዝም ቢል ምን ነበረበት? «ጋሼ፣ አሁኑኑ ልዋጠው?» ብሎ ጉሮሮውን እያሳየ ዋጥ አደረገ! ነገሩን ጭራሽ አበላሸው።

ሕመሙን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሸሚዝ ልሰፋለት አንገቱን ለካሁ፤ አርባ። ከወር በኋላ ሊለብሰው ሲል የላይኛው ቁልፍ አልገጥም አለ። እኔ ልክ ስቼ አላውቅም። ሜትሩን ደግሜ ሳዞረው በግራ በኩል፣ ከመንጋጋው ሥር፣ ጣቴ ባቄላ የሚያህል ነገር ላይ አረፈ።

«ያምሃል?»

«አንቺ ስትነኪው አያመኝም።»

«ነገ ሐኪም ቤት ካልሄድክ ሸሚዙን አታገኘውም» አልኩት። ሄደ። ከጉሮሮው የተነሳ ካንሰር ነው ተባለ፤ ግን በጊዜ ነው የመጣኸው አሉት። የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ካለ ትልቅ ሆስፒታል ለሰባት ሳምንት የጨረር ሕክምና ታዘዘለት። እትዬ መደብሩን ለሠራተኛ ሰጥተው አብረውት ሄዱ። እኔ ምኑ ነኝና እሄዳለሁ? ደብዳቤ ጠበቅኩ።

የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ጥርስ አያስከድኑም ነበር። «ጨረር ማለት ፎቶ መነሳት ነው፤ ምንም አያምም። አስቀድመው ሁለት ጥርሴን ነቅለውልኛል፤ በኋላ መንቀል አይቻልም አሉ። ፊቴን ለክተው የፕላስቲክ ጭምብል ሠርተውልኛል። ልኩ ያንቺን ያህል ነው፤ አንቺ ግን ስትለኪ ትስቂያለሽ።» እኔም አመንኩት። በአራተኛው ሳምንት ይህ ሊፕስቲክ የነካው ፖስታ መጣ። ውስጡ ሦስት መስመር ብቻ ነበር።

«ሰሞኑን ምንም አይጥመኝም። ደብዳቤዬ ካጠረ አትቀየሚኝ። ሕክምናው ደህና ነው።»

ምንም አይጥመኝም! ሕክምናው ደህና ከሆነ፣ ሰውየውም ደህና ከሆነ፣ የማይጥመው ምንድን ነው? ምንም ማለት እኔንም ይጨምራል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ፖስታ፣ ሌላ ሦስት መስመር፣ ያው ቀይ ቀለም። ከዚያ ሦስተኛ። አንዷ ቆንጆ ነርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእኔን ደብዳቤ በከንፈሯ ስታሽግ ታየችኝ። ንዴቴ ከእኔ ይቀድማል፤ ካውያ እንኳ «ቆይ፣ እስኪ በርደሽ ጻፊ» ብላኝ ነበር። አልበረድኩም። አንድ መስመር ጻፍኩ።

«የማይጥምህን በግድ አትዋጥ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የአፍ እንኳ ይሻላል፤ ምናልባት ሰሚው በደንብ አልሰማም። የእኔን ግን ጽፌ፣ አሽጌ፣ ቴምብር ለጥፌ ነው የላክሁት። ከዚያ በኋላ ከፉጨት አንድም ቃል አልመጣም።

*

ሕክምናው ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት መጣ።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ግድም ነው። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። ካውያ «ውይ!» አለች። ቀና አልኩ። ከመኪና ወርዶ በማዶው የእግረኛ መንገድ ቀስ እያለ ይሄዳል። ኮቱን አወቅኩት እንጂ ሰውየውን አላወቅኩትም ነበር። እኔ በልኩ የሰፋሁት ኮት ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። አንገቱን እስከ አገጩ ጠምጥሟል፤ በአንድ እጁ የውሃ ጠርሙስ፣ በሌላው አፉ ላይ የያዘው መሐረብ።

በራችን ትይዩ ሲደርስ እግሩ ቆም አለ። ዓይኑ ወደ እኛ መጣ። መቀሴን ከፍቼ ያዝኩት። እግዜር ያውቃል፣ ያን ሁሉ ቂም ይዤ እንኳ፣ አንዴ ብቻ ቢያፏጭ ሁለቴ ልመልስለት ተዘጋጅቼ ነበር።

አላፏጨም። ዓይኑን ወደ መሬት መለሰና ገባ።

«ምናልባት አሞት ይሆናል» አለች ካውያ በቀስታ።

«ሰላም ማለት ምን ጉልበት ይጠይቃል?» አልኳት። ጨርቁን ስመለከተው ጠማማ ቆርጬዋለሁ። በሥራ በቆየሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ጠማማ ስቆርጥ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያለቀስኩት ግን ለጨርቁ አይደለም።

*

በአምስተኛው ቀን እትዬ ራሳቸው የልብስ ስፌት ቤቱን በር ገፍተው ገቡ።

ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ገብተው አያውቁም። ካውያ ደንግጣ ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረስታው ነበር። እትዬ የእንግዳ ወንበሩን በመሐረባቸው ጠረግ አድርገው ተቀመጡና ከቦርሳቸው ስድስት ሸሚዝ አወጡ።

«አንገታቸውን አጥብቢልኝ።»

«ስንት ይሁን?»

«ሠላሳ ስድስት።»

«አርባ ነው የሚለብሰው» አልኩ።

«ነበር» አሉ።

ከአርባ ሠላሳ ስድስት! ቶሎ ሥራ ያዝኩ። ኮሌታው ላይ ምልክት ልጥልበት መርፌ አነሳሁ፤ የክሩን ጫፍ እንደ ልማዴ በከንፈሬ አረጠብኩና መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ሰደድኩት። ቀና ስል እትዬ ያለቅሳሉ። ድምፅ የሌለው ለቅሶ፤ እንባው ብቻ ነው የሚወርደው።

«ምነው እትዬ?»

«ይሄን፣ አሁን ያደረግሽውን» አሉ ጣታቸውን ወደ ከንፈሬ እየቀሰሩ። «ልጄ ይሄን ማድረግ አይችልም።»

«መርፌ መሰካት?»

«ምራቅ! ምራቅ የለውም፣ የኔ ልጅ።»

የኔ ልጅ ያሉት እኔን ነው። ሁለታችንም ሰማነው፤ ሁለታችንም ያልሰማን መሰልን።

ከዚያ ነገሩኝ። «ጨረሩ ራሱ አያምም፤ እውነቱን ነው የጻፈልሽ። የሚያመው ሲውል ሲያድር ነው። በሦስተኛው ሳምንት አፉ ውስጡ ሁሉ ቆሰለ፤ ምላሱ፣ ጉንጩ፣ ጉሮሮው። አንዲት ጉንጭ ውሃ ለመዋጥ ወንበር ጨብጦ ነበር የሚታገል። ቀጥሎ ምራቁ ነጠፈ። ዳቦ ብሰጠው የመጋዝ ብናኝ ያጎረስኩት ይመስል አፉ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድም። ማር አቀመስኩት፤ ‹እማዬ፣ ዝገት ዝገት ይላል› አለኝ። የቀመሰው ነገር ሁሉ ዝገት ነው። ምንም አይጥመውም።»

ምንም አይጥመውም!

መርፌው ከእጄ ወደቀ። ካውያ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፤ ጆሮዋ ግን እዚሁ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ከንፈር እንዳትመጥጪለት ነዋ! ‹ታዝንልኛለች፤ የማዝንለት ሰው ነው ብላ ታገባኛለች፤ እሱን አልፈልግም› ይላል። ግትር ነው። ማንን እንደመሰለ እንጃ።»

ማንን እንደመሰለ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም። ደግሞ ሌላ ነገር እያየሁ ነው። እንባ ሲጠርጉ ሊፕስቲኩ መሐረባቸው ላይ ቀርቷል። ክር ከጨርቅ ጋር ማመሳሰል ሥራዬ ነው፤ ቀይን ከቀይ እለያለሁ። መሳቢያዬን ከፍቼ ሦስቱን ፖስታዎች አወጣሁና ከመሐረቡ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። አንድ ቀይ ነው።

እትዬ ፖስታዎቹን አዩ፤ እኔን አዩ። ፊታቸው ከሊፕስቲኩ የባሰ ቀላ።

«ፖስታውን ላሰው፤ አልረጥብ አለ» አሉ ወደ ግድግዳው እያዩ። «ደግሞ ላሰው፤ ወረቀቱ ምላሱን ሰንጥቆት ደማ። ‹አንቺ አሽጊልኝ› አለኝ። ውሃ አለ አይደለም ወይ ብለው ‹የሰው ምራቅ ያልነካው የፍቅር ደብዳቤ ማስታወቂያ ነው› አለኝ! እንግዲህ ምን ላድርግ? ልጅ አልሸጥላትም ያልኩት ሴት፣ ለልብስ ሰፊ የተጻፈ ደብዳቤ በምላሴ አሽጌ ላክሁ። ሙጫው እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ።»

ካውያ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ ግን መሳቅም ማልቀስም አቅቶኝ «አንብበውታል?» ብቻ ነበር ያልኩት።

«እኔ? የሰው ደብዳቤ?» ቆፍጠን አሉ። ትንሽ ቆዩና «የመጀመሪያውን» አሉ። ደግሞ ቆዩና «ሁሉንም። ያንቺንም መልስ ትራሱ ሥር አግኝቼ አንብቤዋለሁ። ‹የማይጥምህን በግድ አትዋጥ።› ሁኔታውን ሰምታ ነው የተወችኝ ብሎ ደመደመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሾርባውን ሳይነካ ይመልሰዋል።»

«አላወቅኩም ነበር! በሞቴ እትዬ፣ እኔ መስሎኝ ነው፤ እኔ ነኝ ያልጣምኩት መስሎኝ ነው!»

«እሱን አሁን ገና ገባኝ» አሉ ፖስታዎቹን እያዩ። «ስሚኝ። ዕጢው ጠፍቷል ብለዋል ሐኪሞቹ። አሁን የሚያሰጋው አለመብላቱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ኪሎ ካልጨመረ በአፍንጫው ቱቦ ያስገባሉ። መንጋጋውም እየጠበቀ ነው፤ አፉን በቀን አምስት ጊዜ እየከፈተ ካላለማመደው ግትር ብሎ ይቀራል። ክፈት ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ለማን ብዬ ነው የምከፍተው› አለኝ።»

ተነሱና ቦርሳቸውን አንጠለጠሉ። ሸሚዞቹን አላነሱም።

«ሸሚዝ የሚያጠብ ሰው ሞልቷል። አንገቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ነይ።» በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ልጅ አልሸጥላትም ብዬ ነበር፤ ሰምተሻል መቼም።»

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

«በነጻ ውሰጂልኝ።»

ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። ለሳምንታት የተሸከምኩት ሸክም በሳቅ ይውረድ በለቅሶ መለየት አቃተኝ።

*

ክፍሉ ከመደብሩ በላይ ነው። በእትዬ ፊት በደረጃው ስወጣ ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር፣ የልክ ደብተሬ ብብቴ ሥር፣ በአንድ ሰዓት ያጠበብኩት አንድ ሸሚዝ በእጄ።

ፉጨት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ የውሃ ጠርሙስ፣ አፉን የሚጉመጠመጥበት ጨውና ሶዳ የተበጠበጠበት ብርጭቆ፣ የሕፃን የሚመስል ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ሐኪሞች ምላስ የሚጫኑባቸው፣ እሱ በጥርሱ መሐል እየደረደረ አፉን መክፈት የሚለማመድባቸው ዝርግ እንጨቶች የሞሉበት ጣሳ። ሲያየኝ መሐረቡን ወደ አፉ ሰደደ።

«ማን ጠራሽ?» አለኝ። ድምፁ ሻክሯል።

«ሸሚዝ ላደርስ ነው።»

«አድርሰሻል።»

«አምስት ይቀራል። ልክ ሳልወስድ አልሰፋም።»

መልስ ሳልጠብቅ ቀርቤ ሜትሩን አንገቱ ላይ አዞርኩ። ቆዳው ካውያ እንደቆየበት ጨርቅ ጠቁሯል። ባቄላዋን ፈለግኳት፤ ጣቴ ከመንጋጋው ሥር ቢዞር ቢዞር ምንም የለም። ልስልስ ነው። ያን ጊዜ ነው ትንፋሼ የወጣው።

«ሠላሳ ስድስት» አልኩ።

«ሂጂ እባክሽ። የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ።»

«የጻፍኩትን እኔም አላወቅኩትም። አንተ አይጥመኝም ስትል እኔን መሰለኝ!»

መሐረቡ ከአፉ ትንሽ ወረደ። «አንቺን?»

«ምንም አይጥመኝም አልክ! ምንም ውስጥ እኔ የለሁበትም?»

«ሾርባ ነው ያልኩት!»

«ሾርባ የሚል ቃል የቱ ጋ አለ?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ቆረጥኩት።»

«አንተ ጨርቅ ቁረጥ! ነገር መቁረጥ አትችልበትም! ደግሞ ያ ሊፕስቲክ! አንዷ ነርስ መስላኝ ስንት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ፤ ለካ እናትህ ናቸው!»

ሳቅ አመለጠው። ሳቁ ከንፈሩን ሰነጠቀውና ደም ጠብ አለ፤ ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«እንግዲያው እዪኝ» አለ። «በደንብ እዪኝ።»

አፉን የቻለውን ያህል ከፈተ። ምላሱ የተላጠ ይመስላል፤ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ጉንጩ ውስጥ ገና ያልጠገጉ ነጫጭ ቁስሎች አሉ። ዓይኔን አልመለስኩም። ማዘን መጣብኝ፣ አልዋሽም፤ ከማዘኑ በላይ ግን ይኸው አለ፣ ሕያው ነው፣ እየተቆጣኝ ነው የሚል ደስታ ሞላኝ።

«የቀረልኝ ይሄ ነው» አለኝ። «አላፏጭም። በርሽ ላይ ስደርስ ሞከርኩ፤ አየር ብቻ ነው የወጣው። ልስምሽ ብል ደሜ ነው የሚነካሽ። አንድ ሰሃን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ያውም ጣዕሙን ሳላውቀው። ምራቁ ይመለስ አይመለስ ሐኪሙም ቁርጡን አይነግረኝም። ይሄን ይዤ ነው አግቢኝ የምልሽ? ምን ዓይነት ወንድ ነው እንዲህ የሚል?»

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ደግመህ ክፈተው፤ እንዳትዘጋ።»

ሜትሩን አወጣሁና በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሱ መካከል ያለውን ክፍተት ለካሁ። ሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር። ደብተሬን ከፈትኩ፤ የእሱ ገጽ ላይ አንገት፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ወገብ ይላል። ከሥሩ «አፍ፣ 22» ብዬ ጻፍኩ።

«ሐኪሙ ስንት ይድረስ ነው ያለው?»

«ሠላሳ አምስት» አለ ግራ ተጋብቶ።

«ሥራውን ከዛሬ እንጀምራለን። በየቀኑ መጥቼ እለካሃለሁ፤ እኔ ልክ ስቼ አላውቅም። ጋብቻውን ደግሞ በሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር አፍ እንድትጠይቀኝ አልፈልግም። ስትጠይቀኝ አፍህን ሞልተህ ጠይቀኝ።»

ደብተሩን አየ። ከዚያ ዓይኑ ሞላ፤ ሞልቶም ፈሰሰ፤ ያ ውሃ የጠፋበት ፊት በእንባ ራሰ። በእጄ ጠረግኩለት።

«ይኸው፣ ዓይንህስ አልደረቀም።»

«ጨረሩ እዚያ አልደረሰም» አለኝ በዚያ በሻከረ ድምፁ። «እማዬ፣ ሾርባው አለ?»

ከበሩ በስተጀርባ ማንኪያ ወለል ላይ ወደቀ። እትዬ ደብዳቤ ብቻ አይደለም የሚያነቡት።

ሾርባው ለብ ያለ፣ የላመ፣ ቅመም የሌለበት ነበር። የመጀመሪያውን ማንኪያ እኔ ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ታገለ፤ ጉሮሮው ወጣ ወረደ።

«ምን ምን ይላል?»

«ዝገት ዝገት።»

ሁለተኛውን ሰጠሁት። «አሁንስ?»

«ዝገት።»

«ቃሌን ለውጫለሁ» አልኩት። «የማይጥምህን በግድ ዋጥ።»

ዋጠ። ሰሃኑ ባዶ እስኪሆን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት፤ እንደዚያን ቀን ሰዓት ሲበር አይቼ አላውቅም።

*

ደብተሬ ምስክሬ ነው። ሃያ ሦስት። ሃያ አምስት። አሁንም ሃያ አምስት፤ ያን ሳምንት ተጣልተናል፣ እንጨቶቹን ከእነጣሳው በመስኮት ጥሏቸዋል። ሃያ ስምንት። ቱቦው ቀረ። በሁለተኛው ወር ጨው ጨው አለው፤ በሦስተኛው ማሩ «ማር ባይሆንም ዝገት አይደለም» ተባለለት። የሸሚዞቹን አንገት ሁለት ጊዜ አሰፋሁ። ምራቅ ግን የለም። ጠርሙሱን እንደያዘ ይለካል፣ ጠርሙሱን እንደያዘ ይቆርጣል። አጎቴ በየጊዜው «ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» ይሉኛል፤ ስለ ጋብቻው ግን እሳቸውም አያነሱ፣ እኔም አላነሳ።

በአራተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ካውያ በር ሥር የገባ ፖስታ አንስታ ሰጠችኝ። ቴምብር አለው። መንገዱን ቢሻገር ሃያ እርምጃ ነው፤ እሱ ግን ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ ነው የላከው።

ገለበጥኩት። ቀይ የለም። መሐሉ ላይ ብቻ ተጣብቋል፤ ሁለቱ ጫፎች ክፍት ናቸው።

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ካውያ «ምን ሆንሽ?» ትላለች። ያችን መሐል ላይ ያለች ትንሽ የተጣበቀች ቦታ በጣቴ እየዳበስኩ ቆየሁ። መቀሴን በክፍተቱ አስገብቼ ስከፍተው እንኳ እሷን ላለመቁረጥ ተጠነቀቅኩ።

«ባለመቀሷ፣

ትናንት ሠላሳ አራት ብለሽ ጽፈሻል። አንዷን ሚሊ ሜትር ማሪኝ፤ አፌን ሞልቼ እየጠየቅኩሽ ነው፤ አግቢኝ።

ሌላም አለ። ከትናንት ወዲያ ከሰዓት በኋላ ጨርቅ እየለካሁ፣ ጠርሙሱን ሳልነካ፣ ምራቄን ዋጥኩ። አንድ ጊዜ ነው፤ ግን ዋጥኩት። ለጋሼ ንገሪልኝ።»

መቀሱን እንደያዝኩ ወጥቼ ቤት ድረስ ሮጥኩ። አጎቴ በረንዳው ላይ ሬዲዮ ይጠግናሉ። ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዴ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። «አሁኑኑ ልዋጠው» ብሎ የቀለደባቸው ቀን ትዝ ብሏቸው እንደሆነ እንጃ፣ ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው» አሉ። «ይምጣ።»